ገንዘብ ለመቁጠር ዲግሪ? ስለ ሂሳብ ሰልጣኞቻችን

ይህን በምታነቡበት ስልክ ላይ ቢያንስ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ቻናል ሳይኖር አይቀርም። ለራሳችሁ ባይሆን ለታናሽ እህት፣ ለአክስት ልጅ፣ ለጎረቤት ልጅ ብላችሁ የተቀላቀላችሁት። እስኪ ክፈቱትና «ካሸር» ወይም «ጁኒየር አካውንታንት» ብላችሁ ፈልጉ። የምታገኙት ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ የሥራ መደብ ገንዘብ ተቀባይ፤ የትምህርት ደረጃ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት፤ ፒችትሪ የምትችል፤ በቂ ዋስ ማቅረብ የምትችል፤ ደመወዝ በስምምነት።

«በስምምነት» የምትለዋን እንለፋት። አብዛኛውን ጊዜ የሚስማማው አንደኛው ወገን ብቻ ነው።

ሥራውን ግን እንየው። ገንዘብ መቀበል፣ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ማታ ሳጥኑን ቆጥሮ ከሽያጩ ጋር ማስታረቅ፣ በማግስቱ ባንክ ማስገባት፣ የጥቃቅን ወጪ ሳጥን መያዝ፣ የወጪ ማዘዣ መሙላት። ይህን ሥራ ለሚሠራ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ ስልጠና አገራችን አላት። በየክፍለ ከተማው፣ በየዞኑ ከተማ ባሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይሰጣል። ቀድሞ «አካውንትስ ኤንድ በጀት» ይባል ነበር፣ አሁን ብዙዎች አካውንቲንግና ፋይናንስ ይሉታል። ደረጃ 3 እና ደረጃ 4 የሚሰለጥኑት ልጆች የሚማሩት ይህንኑ ነው። ተምረው፣ ተመዝነው፣ የብቃት ማረጋገጫ ይዘው ሲወጡ ማስታወቂያው «ዲግሪ» ይላቸዋል።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። ለመነሻ ሥራ የሚያዘጋጅ ስልጠና ከፍተን ስናበቃ፣ የመነሻ ሥራውን ራሱን ለዲግሪ አሳልፈን ሰጠነው። ኮሌጆቹም ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ለቢሮው ወንበር ማዘጋጀቱን ትተው ለምዘናው ብቻ ያዘጋጃሉ። ቀጣሪው ኮሌጁን አያምንም፤ ኮሌጁ ደግሞ እንዲታመን የሚያደርገው ጥረት ትንሽ ነው። መሐል ላይ ሁለትና ሦስት ዓመት የከፈለች ልጅ ቆማለች።

ይህ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሰንጋ ተራ አካባቢ «ኮሜርስ ወራጅ» ብላችሁ ከታክሲ የምትወርዱበት ቦታ ስሙን ያገኘው ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ ነው። ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ የተከፈተ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ የጀመረውም በዚያው ሰሞን፣ በ1935 ዓ.ም. ነበር። አገሪቱ ባንክ ስትከፍት መዝገብ የሚይዝላት፣ ደብዳቤ የሚጽፍላት፣ ገንዘብ የሚቆጥርላት ሰው ያስፈልጋት ስለነበር ትምህርት ቤቱ ለዚያ ሥራ ሰው አወጣ። ከዚያ የወጡት በባንክ፣ በመድን ድርጅት፣ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ሲቀመጡ «ዲግሪህ የታለ» ያላቸው አልነበረም። በየሰፈራችን «የኮሜርስ ዲፕሎማ አለው» ሲባል በአክብሮት ይነገር ነበር፤ የእኔ ዘመን ሰው እንኳ ይህን ከአባቶቹ ሰምቷል። ዛሬ ኮሜርስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ዲግሪና ማስተርስ ይሰጣል። ጥሩ ነው። ግን ያ የመካከለኛ ባለሙያ ወንበር ባዶ ሲቀር ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ዞረ፤ አክብሮቱ ግን አብሮ አልዞረም።

ለምን አልዞረም? አንዱ ምክንያት ልጆቹ ወደዚያ የሚሄዱበት መንገድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። የቀረው ወዴት ይሄዳል? የማካካሻ ትምህርት ያገኘ አለ፣ ቤቱ የተቀመጠ አለ፣ አገር ጥሎ የሄደ አለ፣ ሌላው ቴክኒክና ሙያ ይገባል። በወላጅ ዓይን ኮሌጁ የምርጫ ቦታ መሆኑ ቀርቶ የመውደቂያ ቦታ ሆኗል። «ምን አመጣች?» «ኧረ ቴክኒክ ገባች» ሲባል የድምፁ ቅላጼ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

ከተገባ በኋላ ደግሞ ምርጫ አለ፤ ብረታ ብረት፣ እንጨት፣ ኤሌክትሪክ፣ አውቶ፣ ልብስ ስፌት፣ ሂሳብ። ሂሳብ የሚመረጠው «ንጹሕ» ሥራ ስለሆነ ነው፤ ቱታ የለውም፣ ዘይት የለውም፣ ወንበርና ጠረጴዛ አለው። በኮሌጁ በኩል ያለው ምክንያት ግን ብዙ አይነገርም። የአውቶ መካኒክ ክፍል ለመክፈት ሞተር፣ ክሪክ፣ መፍቻ፣ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል። የብረት ሥራ ክፍል ብየዳ ማሽን፣ ላቲ ማሽን፣ በየቀኑ የሚያልቅ ኤሌክትሮድ ይፈልጋል። ሂሳብ ግን አንድ ፎቅ ተከራይቶ፣ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ አንድ መምህር ቀጥሮ ይከፈታል፤ ካልኩሌተሩንም ተማሪዋ ራሷ ትገዛለች። የግል ኮሌጆች ግድግዳ ላይ «አካውንቲንግ» የሚለው ቃል የበዛው ወጪው ትንሽ ስለሆነም ነው፤ ገበያው ስለፈለገው ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ትምህርት ለመክፈት በቀለለ ቁጥር የሚወጣው ሰው ይበዛል፣ ሰው በበዛ ቁጥር ማስረጃው ይረክሳል። ዲግሪም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

አሁን ክፍል ውስጥ እንግባ። የስልጠናው ይዘት መጥፎ አይደለም፤ ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ዴቢትና ክሬዲት፣ ጆርናል፣ ሌጀር፣ የሙከራ ሚዛን፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ ጥቃቅን ወጪ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የንብረት መዝገብ። ይህን በእውነት የቻለች ልጅ የአንድ መካከለኛ ድርጅትን የዕለት ሂሳብ ትይዛለች። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ።

ምን ማለቴ እንደሆነ በደመወዝ ዝርዝር ላሳያችሁ። የሂሳብ ሰልጣኝ መጀመሪያ በቃሏ ከምትይዛቸው ነገሮች አንዱ የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ከግብር ነጻ የነበረው 600 ብር ድረስ ያለው ነበር፤ ከዚያ 10 በመቶ፣ 15 በመቶ እያለ እስከ 35 ይወጣ ነበር። ለዘጠኝ ዓመት ይህ ሠንጠረዥ በየመማሪያ ወረቀቱ ታትሞ ኖረ። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተቀየረ፤ ነጻው 2,000 ብር ደረሰ፣ የ10 በመቶው እርከን ጠፋ፣ 35 በመቶው ከ14,000 ብር በላይ ለሚያገኝ ሆነ። አንዲት ሠራተኛ 5,000 ብር ደመወዝ አላት እንበል። በድሮው ሠንጠረዥ ግብሯ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በአዲሱ 500 ብር። የጡረታው 7 በመቶ፣ 350 ብር፣ በሁለቱም ያው ነው፤ አሠሪው በራሱ በኩል 11 በመቶ ይጨምራል። በድሮው ወረቀት የሰለጠነች ልጅ በመጀመሪያ ወሯ ከእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሠራተኛ 197 ብር ከ50 ሳንቲም ያለአግባብ ትቆርጣለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ፎቶ ኮፒው ግን ይቀጥላል፤ ማባዣ ቤቱ አዋጅ አያነብም።

ፒችትሪም ላይ ያው ነው። በየማስታወቂያው «ፒችትሪ የምትችል» ይባላል፣ በየኮሌጁ የፒችትሪ ስልጠና ይሰጣል፤ ሶፍትዌሩ በፈረንጆቹ ዘንድ ስሙን ከቀየረ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ጋ ያለው ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በፍላሽ ሲዞር የኖረው አሮጌ ቅጂ ነው። በነገራችን ላይ በዚህ አልስቅም። በአሮጌ ቅጂ የሚሠራ ድርጅት እስካለ ድረስ ያንን መቻል ዳቦ ነው። ግን ልጅቷ ከሌላ ሥርዓት ጋር ስትገናኝ እንዳትደነግጥ፣ ከቁልፎቹ ጀርባ ያለውን ሐሳብ መያዝ አለባት።

ከሁሉ የሚከፋው ክፍተት ግን የባንክ ማስታረቂያ ላይ ነው። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ድርጅቱ ቼክ ጻፈ፣ ቼኩ ገና ባንክ አልደረሰም፤ ባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ቆረጠ፣ ድርጅቱ አልመዘገበም። ቆንጆ ጥያቄ ነው፣ በሁለት ዓምድ ያልቃል። እስኪ አሁን ወደ አንድ ምሳ ቤት ግቡ። አንዱ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፣ ሁለተኛው በቴሌብር፣ ሦስተኛው በሲቢኢ ብር፣ አራተኛው ከሌላ ባንክ ወደ ባለቤቱ የግል ሂሳብ ያስተላልፍና ስክሪንሹት ያሳያል። ስክሪንሹቱ እውነተኛ ይሁን በአርትዖት የተሠራ፣ ገንዘቡ ይግባ አይግባ፣ የማን ሂሳብ ውስጥ ይግባ ማታ ላይ አንድ ሰው ማጣራት አለበት። ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የካሸር ሥራ ቀለለ የሚል ሰው ካሸር ሆኖ አያውቅም። ብር መቁጠሩ ቀነሰ፣ ማስታረቁ ግን በአራት ተባዛ። ለመነሻ ሥራ የሚዘጋጅ ሰልጣኝ ዛሬ ከምንም በላይ መልመድ ያለበት ይህን ነው፤ የእኛ ልጆች ግን አሁንም መንገድ ላይ የቀረውን ቼክ እየፈለጉ ነው።

«ይህንን በልምምድ ወቅት ይማሩታል» የሚል መልስ አለ። የስልጠናው መመሪያ ራሱ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ይላል፤ የትብብር ስልጠና የሚባለውም ልጆቹ ድርጅት ውስጥ ገብተው እንዲሠሩ ነው። ለአውቶ ሰልጣኝ ይህ ይሠራል። ጋራዥ የገባ ልጅ በሁለተኛው ቀን ጎማ ይፈታል፣ በሳምንቱ ዘይት ይቀይራል፤ ቢያበላሽም ዋናው መካኒክ አጠገቡ ነው።

የሂሳብ ሰልጣኝ ግን ድርጅት ስትገባ የሚያጋጥማት ሌላ ነው። የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ደረጃ 4 ጨርሳ፣ ምዘናውን አልፋ፣ አሁን ዳቦ ቤት ገንዘብ ትቀበላለች። በልምምድ ጊዜዋ ምን እንደሠራች ጠየቅኳት። ሰነድ ፋይል አደረገች፣ ፎቶ ኮፒ አነሳች፣ ደብዳቤ አደረሰች። የደመወዝ ዝርዝሩን አይታ ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች፤ «ጋሼ፣ እሱ እኮ በመሳቢያ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው» አለችኝ። ባንክ መግለጫም አላየችም፣ የግብር ማስታወቂያም አልሞላችም። በመጨረሻው ቀን ግን የሥራ ምዘና ቅጿ ላይ በሁሉም መስመር «በጣም ጥሩ» ተሞልቶ ማኅተም ተመታበት።

የድርጅቱን የሂሳብ ኃላፊ አልወቅሰውም። ሂሳብ ምስጢር ነው። ማን ስንት እንደሚከፈለው፣ ድርጅቱ ምን ያህል እንዳተረፈ፣ ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ለሦስት ወር ለመጣች ልጅ ማሳየት ያስፈራል። ስለዚህ «ድርጅቶች በር ይክፈቱ» እያሉ መለመን ዋጋ የለውም፤ ስንት ዓመት ተለምኗል። የሚሻለው ኮሌጁ በእጁ ያለውን መጠቀም ነው። እያንዳንዱ የመንግሥት ኮሌጅ ራሱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ግዢ አለው፣ ንብረት ክፍል አለው፣ ደመወዝ ይከፍላል። እንጨት ክፍል ወንበር ይሠራል፣ ብረት ክፍል በርና መስኮት ያወጣል፣ ልብስ ስፌት ዩኒፎርም ይሰፋል። የእነዚህን ዎርክሾፖች ወጪና ገቢ ለምን የሂሳብ ሰልጣኞች አይዙትም? የእንጨቱ፣ የሙጫው፣ የምስማሩ ዋጋ ስንት ሆነ፣ ወንበሩ በስንት ተሸጠ፣ ትርፍ አለው ወይ? ከኮሌጁ አጥር ውጭ ደግሞ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት አሉ፤ ብዙዎቹ ሂሳባቸው በአንድ ደብተር ነው፣ አንዳንዶቹ በዚያ ደብተር ምክንያት ተጣልተው ፈርሰዋል። ለእነሱ ለአንድ ዓመት መዝገብ የያዘች ልጅ ማስታወቂያው የሚጠይቀውን «ልምድ» ይዛ ትወጣለች። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ መምህር፣ አንድ ስምምነት፣ አንድ መዝገብ ነው።

ስለ ምዘናው ስለ ሲኦሲ ረዥም አልጽፍም። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ያሰለጠነው ራሱ እንዳይመዝን ሌላ አካል ይመዝናል። ችግሩ የምዘናው ዓይነት ከታወቀ በኋላ የመጨረሻዎቹ ወራት ወደ ጥናት መለወጣቸው ነው። «ባለፈው ይህ ወጥቷል» እየተባለ ቅጹ ይሸመደዳል። ቀጣሪውም ይህን ስለሰማ ማረጋገጫውን ሲያይ ልቡ አይረጋም።

ወደ ዋሱ ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። ገንዘብ የሚነካ ሥራ ሁሉ ዋስ ይጠይቃል። አንዳንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ይሁን ይላል፣ አንዳንዱ ደመወዙ ከዚህ በላይ የሆነ ይላል፣ አንዳንዱ የመኪና ሊብሬ ወይም የቤት ካርታ ይጠይቃል። ስለ ማን ነው የምናወራው? አባቷ የቀን ሠራተኛ፣ እናቷ ጉልት ቸርቻሪ ስለሆኑ፣ የአራት ዓመት ዲግሪ መጠበቅ ስለማይችሉ ቴክኒክና ሙያ የመረጠች ልጅ። ከዘመዶቿ ውስጥ ካርታ ያለው ማን ነው? ከክፍለ ሀገር የመጣች ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዚያም ይብሳል። ዋስ ፍለጋ የሰው ደጅ ስትጠና፣ ያላት ችሎታ አንድም ቀን ሳይፈተን ወንበሩ ዋስ ላለው ይሰጣል። ማስታወቂያው ስለ ዲግሪ ያወራል እንጂ በርካታ ልጆችን የሚያስቀረው ይህ የመጨረሻው መስመር ነው።

ቀጣሪው መተማመኛ ይፈልጋል፤ መብቱ ነው። ግን ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነገር አለ። የመድን ድርጅቶቻችን የታማኝነት ዋስትና የሚባል ሽፋን ይሸጣሉ፤ ሠራተኛው ገንዘብ ቢያጎድል ለድርጅቱ የሚከፍል። በየዓመቱ የሚከፈል አረቦን አለው፣ ወጪ ነው፤ ድርጅቱ ግን ለእሳትና ለመኪና አረቦን ይከፍላል አይደል? የገንዘብ ሳጥኑን አደጋ ሙሉ በሙሉ በአንዲት ልጅ አጎት ትከሻ ላይ መጫን ርካሽ ስለሆነ ብቻ ትክክል አይሆንም። ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው አንድ ሰው ብቻውን ሲቀበል፣ ብቻውን ሲመዘግብ፣ ብቻውን ባንክ ሲያስገባ ነው፤ ሥራውን ለሁለት መክፈል ከየትኛውም ዋስ ይሻላል። ይህ ደግሞ በደረጃ 3 ክፍል ውስጥ ይሰጣል።

አሁን የቀጣሪውን ጠንካራ መከራከሪያ ላምጣ። «ዲግሪ ያለው በዚያው ደመወዝ እየለመነኝ ለምን ዲፕሎማ እቀጥራለሁ?» ይላል። ባንኮችም ተመሳሳይ ነው፤ ለመስኮት ሠራተኛ ዲግሪ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶች የተመረቀበትን ነጥብ ጭምር። ከፊት ለፊቱ የሰው መዓት ላለው ቀጣሪ ዲግሪ ወንፊት ሆኖ ያገለግለዋል። በአጭር ጊዜ ሂሳብ ልክ ነው። ግን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ለካሸርነት የመጣ ባለዲግሪ አእምሮው በር ላይ ነው፤ የተሻለ ባገኘ ማግስት ይሄዳል፣ ድርጅቱም ሌላ ሰው እንደገና ያሰለጥናል። ሁለተኛ፣ ይህ ጥያቄ ልጆቹን ወዴት እንደሚገፋቸው አያይም። ደረጃ 4 ያላት ልጅ ቀን ዳቦ ቤት ሠርታ ማታ ዲግሪ ትመዘገባለች፤ ለዓመታት ትከፍላለች፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ትፈተናለች፤ ካለፈች በኋላ የምታመለክተው ድሮውኑ ለምትችለው ወንበር ነው። ልዩነቱ የከፈለችው ገንዘብና ያለፋት ዕድሜ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ ለገንዘብ ያዥ፣ ለሂሳብ ሰነድ ያዥ ደረጃ 3 እና 4 የሚቀበሉ መደቦች ሲወጡ እናያለን። የግሉ ዘርፍ ከመንግሥት የባሰ የወረቀት አምላኪ ሆኖ መገኘቱ ይገርመኛል።

በጉባኤውና በዜናው የምንሰማው ስለ ካፒታል ገበያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 በር ስለተከፈተላቸው የውጭ ባንኮች ነው። ይሁን፣ ይምጡ። የእነዚህ ልጆች ሥራ ግን ከዚያ ይልቅ መርካቶና ሳሪስ ነው ያለው። በዚያው የግብር ማሻሻያ መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር የደረሰ ነጋዴ ደረጃ «ሀ» ነው፤ መዝገብ መያዝ አለበት። 2 ሚሊዮን ብዙ ይመስላል። በቀን 6,000 ብር የሚሸጥ ሱቅ ዓመቱን ሙሉ ከከፈተ 2 ሚሊዮን 190 ሺህ ይደርሳል፤ በዛሬው ዋጋ 6,000 ብር ስንት ሊትር ዘይት እንደሆነ አስሉት። እነዚህ ነጋዴዎች ዓመቱን ሙሉ ደረሰኛቸውን በፌስታል ያጠራቅማሉ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ፈልገው ፌስታሉን ያስረክቡታል። ደረሰኝ የጠፋበት ወጪ አይያዝለትም፣ ግብሩ ይከብዳል፣ ከዚያ «መንግሥት በዘበዘኝ» ይላል። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን መጥታ ፌስታሉን ወደ መዝገብ የምትለውጥ የደረጃ 4 ልጅ ብትኖረው ደመወዟን ከሚድንለት ግብር ላይ ይከፍላት ነበር። አምስት ሱቅ የያዘች ልጅ ሙሉ ሥራ አላት። ይህን ገበያ እስካሁን ያደራጀ ኮሌጅ ቢኖር ደስ ብሎኝ እጽፍለታለሁ።

ልጃችሁን ሂሳብ ልታስመዘግቡ ያሰባችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ ስለ ሕንፃው አትጠይቁ። የደመወዝ ግብር ሠንጠረዡን አሳዩኝ በሉ፤ 600 ብር ብሎ ከጀመረ ተመለሱ። ያለፈው ዓመት ሰልጣኞች የት ልምምድ እንደወጡ፣ እዚያ ምን እንደነኩ ጠይቁ። ኮምፒውተር ክፍሉን ተማሪዎች በውስጡ እያሉ እዩት እንጂ ተቆልፎ አይሁን። ከወጡት መካከል የሁለቱን ስልክ ተቀብላችሁ ራሳችሁ ደውሉ። ልጁም ቁጥር የሚጠላ ከሆነ «ንጹሕ ሥራ ነው» ብላችሁ አታስገድዱት፤ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ከመጥፎ ሂሳብ ሠራተኛ የተሻለ ያገኛል።

ድርጅት ያላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ላይ ከዲግሪው ጎን «ወይም ደረጃ 4» የሚል አንድ ሐረግ ጨምሩና የመጡትን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ፈትኑ። የአንድ ሳምንት ደረሰኝ፣ የዚያው ሳምንት የባንክና የቴሌብር መግለጫ፣ ሁለት ሰዓት። ውስጡ ሁለት ስህተት አስቀምጡ። ወረቀቱን ሳታዩ ስህተቱን ያገኘውን ቅጠሩ።

ኮሌጅ ውስጥ ሂሳብ የምታስተምሩ፣ ሰልጣኝ የተቀበላችሁ ወይም ራሳችሁ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ስለ ዋስ ያጋጠማችሁን፤ ለብቻው የምመለስበት ጉዳይ ነው።